የእንፋሎት ባቡር ከዋንዛ፣ ከውሃ ቱቦና ከዘይት ቆርቆሮ

አንድ ፎቶ አለኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አንድ ጥጉ ተቀዷል። አያቴ ድሬዳዋ ውስጥ የእንፋሎት ባቡር ላይ ቆሞ የተነሳው ነው። አንድ እጁ መያዣው ብረት ላይ ነው፣ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል። ምድር ባቡር ውስጥ እሳት አንዳጅ ነበር። እኔ ግን ያደግኩትም የምሠራውም ጅማ ነው። ጅማ ሐዲድ የላትም። እዚህ «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ወፍጮ ነው።

ሄርማታ አካባቢ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ በርጩማ፣ ወንበርና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። የዚያን ፎቶ ባቡር ትንሽ አምሳያ የሠራኋት ማታ ማታና እሁድ እሁድ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፈጀችብኝ። ያዩዋት ሰዎች «እንዴት አድርገህ ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። አትነድም፣ እንፋሎትም የላትም። ሲገፏት ግን ጎማዋ ይዞራል፣ ዘንጎቿ ይሄዳሉ፣ ፒስተኗ ይገባል ይወጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ከባቡሯ ላይ የምትለጥፉት ማንኛውም ነገር ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ አትለጥፉት። እኔ ይህን የተማርኩት ለጥፌ ከነቀልኩ በኋላ ነው። ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ልክ ማውጣት

ፎቶ ብቻ ይዞ ልክ ማውጣት ይቻላል። አንድ የታወቀ ርዝመት ካገኛችሁ በቂ ነው። አሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ልክ 1 ሜትር ነበረው። ግንባታው በፈረንጆች 1897 ጅቡቲ ላይ ተጀምሮ፣ 1902 ድሬዳዋ፣ 1917 አዲስ አበባ ደርሷል። እስከ መጨረሻው ድረስ ስፋቱ ያው አንድ ሜትር ነው። በፎቶዬ ላይ የባቡሯ ፊት ስለሚታይ ሐዲዱን በማስመሪያ ለካሁ። ከዚያ የፊቱን ስፋትና ከፍታ በዚያ አሰላሁ።

ጎኑ ግን ያስቸግራል። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ነገሩ ያንሳል። ለዚህ የረዱኝ ትላልቆቹ ጎማዎች ናቸው። ሦስቱም በእውነት እኩል ናቸው። ፎቶው ላይ ግን አንዱ ከሌላው ያንሳል። በየቦታው ያለውን ነገር በአጠገቡ ካለው ጎማ ጋር ብቻ አወዳድሩ፣ አትሳሳቱም።

የኔዋ ከፊት ሁለት ትናንሽ፣ ከኋላቸው ስድስት ትላልቅ ጎማ ያላት ነች። የባቡር ሰዎች ይህን ዓይነት «ሞጉል» ይሉታል። የመረጥኩት ልክ 1 ለ20 ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሐዲዱ 50 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሎኮሞቲቯ፣ ማለትም ሞተር ያላት ጎታቿ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቴንደሯ ደግሞ 16። ቴንደር ማለት ከሎኮሞቲቭ ጀርባ ተቀጥላ ማገዶና ውሃ የምትሸከመው ጋሪ ነች። በትንሽ ልክ አትጀምሩ። ዓይንም እጅም ይደክማል።

ከጎማ ጀምሩ

ብዙ ሰው ውሃ ከሚፈላበት ትልቅ ጋን፣ ከቦይለሩ ይጀምራል፤ ስለሚያምር። ጎማው ካልተስተካከለ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ድካም ነው።

ለትላልቆቹ ጎማዎች ብረት ቸርኬ ያስፈልጋል። እሱን ያገኘሁት ከውሃ ቱቦ ነው። የአንድ ኢንች ተኩል ብረት ቱቦ የውጭ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ነው። በ20 ስታባዙት 96 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከፎቶው ካወጣሁት ልክ ጋር ገጠመ። ቁራጭ ቱቦ ገዝቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩትና 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ስድስት ቀለበቶች አስቆረጥኩ። በእጅ መጋዝ አትሞክሩት፣ ይጣመማል።

ጎማው ከሐዲድ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈር ከኋላው አለ። እሱን ከወፍራም ላሜራ 52 ሚሊ ሜትር ክብ አድርጌ ቆርጬ ከቀለበቱ ጀርባ በስታኞ አያያዝኩት። ከማያያዛችሁ በፊት ቱቦው ላይ ያለውን ቅባት በብርጭቆ ወረቀት አጥሩ፣ አለዚያ ስታኞው አይዝም።

ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ የሚሄዱት የጎማው ዘንጎች አሥራ ሁለት ናቸው። ኮምፔርሳቶ ላይ ክብ ስዬ በየ30 ዲግሪው መስመር አወጣሁ። ቀለበቱን እዚያ ላይ አስቀምጬ ከቀርከሃ የተላጡ ቀጫጭን ዘንጎችን በየመስመሩ ገጠምኩ። መሐል ላይ የዋንዛ እምብርት ገባች። ዘንጎቹን ከመለጠፋችሁ በፊት ሁሉንም አንድ ላይ በመላጊያ አስተካክሉ። አንዱ እንኳ ከወፈረ ጎማው ሲዞር ዓይን ይይዘዋል።

ከእምብርቱ 12 ሚሊ ሜትር ርቆ ፒን ይገባል። ጎማዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን የጎን ዘንግ የሚይዘው እሱ ነው። ከፒኑ ተቃራኒ በኩል ጨረቃ የመሰለች ጠፍጣፋ ነገር ታያላችሁ። እሷ የዘንጉን ክብደት የምታመዛዝን ነች። ለጌጥ አይደለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከፒኑ ተቃራኒ ትሁን።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የግራና የቀኝ ጎማ ፒኖች በአንድ አቅጣጫ አይቆሙም። ከቀኝ በኩል ሆናችሁ ስታዩ፣ የቀኙ ፒን ወደ ላይ 12 ላይ ካለ የግራው ወደ ጎን 3 ላይ ይሆናል። ሩብ ዙር ይለያያሉ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንዱ ፒስተን ጫፍ ደርሶ መግፋት ሲያቅተው፣ ሌላው መሐል ላይ ሆኖ በሙሉ ጉልበቱ ይገፋል። ስለዚህ ባቡሩ የትም ቢቆም መነሳት ይችላል። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሁለቱ ሲሊንደሮች በጎማ አንድ ዙር አራት ጊዜ የሚተነፍሱትም ለዚህ ነው።

የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኙት ሦስቱም አክስሎች ላይ ይህ ሩብ ዙር እኩል መሆን አለበት። ትንሽ ቢለያይ ዘንጎቹ ይተናነቃሉ። እኔ ከዋንዛ ትንሽ ማስተካከያ ሠራሁ። አክስሉ የሚተኛበት ሁለት ቦይ አለው፤ በአንድ በኩል ፒኑ ከላይ የሚያርፍበት፣ በሌላው በኩል ከጎን የሚያርፍበት ማቆሚያ አለው። ጎማዎቹን እዚያ ላይ አስተኝቼ ነው ያጣበቅኩት። ማስተካከያው ራሱ ፍጹም ባይሆን እንኳ ችግር የለም። ሦስቱም በአንድ ማስተካከያ ስለተሠሩ እኩል ይሳሳታሉ፣ ዘንጉም ይዞራል።

ሻንሲና ዘንጎች

ሻንሲው ሁለት የዋንዛ ጣውላ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በመሐላቸው 28 ሚሊ ሜትር ክፍተት። ዋንዛ እዚህ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠረብበት እንጨት ነው፣ ቁርጥራጩ አይጠፋም። ግን ከዓመት በላይ ጥላ ውስጥ የደረቀውን ምረጡ። የጅማ ክረምት ረጅም ነው። እርጥብ ዋንዛ ነሐሴ ላይ ይነፋል፣ ጥር ላይ ይሰነጠቃል። እኔ ጥቅምትን ጠብቄ የጀመርኩት ለዚሁ ነው።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ሁለቱን የሻንሲ ጣውላዎችና ሁለቱን የጎን ዘንጎች፣ መካኒኮች ቢዬላ የሚሏቸውን፣ አንድ ላይ ደርባችሁ በሞርሳ እሰሩ። ከዚያ በቀጭን መብሻ ሁሉንም በአንዴ ብሱ። በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግን ቁጥሩ ግማሽ ሚሊ ቢሳሳት እንኳ አራቱም እኩል ስለሚሳሳቱ አይጎዳም። በኋላ እያንዳንዱን ቀዳዳ ወደሚፈለገው ልክ አስፉት። ለ3 ሚሊ ፒን 3.3 በቂ ነው። ቢዬላዎቹን የሠራሁት ከጠፍጣፋ ብረት ነው። በሞረድ ጨርሳችሁ ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ምቷቸው፣ ቀለም አትቀቧቸው።

ሲሊንደሮቹን ቶርኖ ቤት ከዋንዛ አስወጣሁ፤ 28 ሚሊ ስፋት፣ 35 ርዝመት። የፒስተኑ ዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው።

በዚህ ደረጃ ቁሙና ሻንሲውን ግፉት። በጣት ሲነካ መሄድ አለበት። እኔ ቦታው ላይ አንድ ሳምንት ቆየሁ። አንዱ ፒን ትንሽ አዘንብሎ ነበር። ሳይስተካከል ወደ ላይ አልወጣሁም።

ቦይለርና ቱቦዎች

ቦይለሩ 63 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ነው፣ ርዝመቱ 26 ሳንቲ ሜትር። ስፋቱ በ20 ሲባዛ አንድ ሜትር ከ26 ይሆናል። ፒቪሲ ቀለም አይይዝም። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት አቁስሉት፣ ከዚያ አንቲረስት ቀቡት። ስትፈትጉ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ውስጡ ባዶ ከሆነ ባቡሯ ቀላል ሆና ጎማው ሳይዞር ይንሸራተታል። እኔ አሮጌ ብሎንና ዳዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ልክ ከመሐለኛው ጎማ በላይ አስገባሁ።

የፊተኛው ጫፍ የጭስ ሳጥን ነው። ከዚያ በላይ ጭስ ማውጫው ይቆማል። የጭስ ሳጥኑን ከቦይለሩ ጋር አንድ ዓይነት አታድርጉት። ቦይለሩ ሙቀት እንዳያባክን በስስ ላሜራ ይሸፈናል፤ ላሜራውን ደግሞ ጠባብ ቀበቶዎች ያስሩታል። የጭስ ሳጥኑ ያ ልብስ የለውም። ስለዚህ ቀበቶዎቹን ከቆርቆሮ 3 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቦይለሩ ላይ ብቻ እሰሩ።

ከላይ ሁለት ጉልላት አለ። አንዱ እንፋሎት የሚሰበሰብበት ነው። ውሃ ከታች ስለሚፈላ ደረቁ እንፋሎት የሚገኘው ከላይ ነው። ሌላው አሸዋ ይይዛል። ሐዲዱ ሲረጥብ ጎማው እንዳይንሸራተት አሸዋው በቱቦ ወርዶ ከጎማው ፊት ይፈስሳል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በፎቶው ላይ ከጉልላቱ የሚወርድ ቱቦ አየሁ። ሽቦ አጥፌ ለጠፍኩት፤ ጫፉ መሐለኛው ጎማ ጀርባ ላይ ባዶ አየር ውስጥ ቀረ። አምሮብኝ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አጎንብሶ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቱቦ የት ነው የሚገባው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «እንዲሁ ነው» ልለው አፌ ላይ መጣ፤ ግን አያቴ ይህን ቱቦ በእጁ የከፈተ ሰው ነው። ያን ማታ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ቱቦው ከጎማው ፊት፣ ከሐዲዱ በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው። በማግስቱ ነቅዬ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ልጁ እያንዳንዱን ቱቦ በጣቱ ተከትሎ መነሻውንና መድረሻውን ሳይነግረኝ አልለጥፍም።

የውሃውን መንገድ እንዲህ ተከተሉት። ውሃው ከቴንደር ይነሳል። በጎማ ቱቦ አድርጎ ከጋቢናው ሥር ወዳለው ኢንጀክተር ይሄዳል። ኢንጀክተር በራሱ በቦይለሩ እንፋሎት ኃይል ውሃን መልሶ ወደ ቦይለሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ዢፋር በፈረንጆች 1858 የፈጠረው ነው። የሚንቀሳቀስ ፓምፕ የለውም፣ ስለዚህ ስትሠሩት ትንሽ እና ቀላል ነው፤ የብሎን ቁራጭና ሁለት ሮንዴላ ይበቃዋል። ከእሱ የሚወጣው ቱቦ በቦይለሩ ጎን አድርጎ ወደ ፊት ይሄድና አንድ ቫልቭ ላይ ይገባል። ያ ቫልቭ ውሃው እንዳይመለስ ይይዛል። ለቱቦዎቹ የመዳብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠቀሙ። በእጅ ይታጠፋል፣ ስታኞም ይወዳል።

ለመያዣ ብረቶቹ የብስክሌት ሽቦው ልክ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 4 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፣ እጅ የሚጨብጠው ውፍረት ነው።

ጋቢናው ከቆርቆሮ ነው። ጣሪያውን በጠርሙስ ላይ አጠፍኩት። ስለሱ ብዙ የምለው የለም።

ቴንደር

ቴንደርን ብዙ ሰው እንደ ሳጥን ያያታል። እኔ ግን ከሎኮሞቲቯ እኩል ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ውስጧ ኮምፔርሳቶ ነው፤ 16 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 11 ስፋት፣ 6 ከፍታ። ላይዋን የዘይት ቆርቆሮ አለበስኩት። ቆርቆሮውን ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

የዚያ ዘመን የውሃ ጋን በብየዳ ሳይሆን በምስማር፣ ማለትም በሪቬት ነው የተያያዘው። የሪቬቶቹ ራስ ከውጭ መታየት አለበት። እንዲህ ሠራኋቸው። ሪቬቶቹ በየ2.5 ሚሊ ሜትሩ እንዲሆኑ ወሰንኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቅ ላይ ምልክት የምታደርግበት ጥርስ ያላት ትንሽ ጎማ አለቻት። ተዋስኳትና በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አንከባለልኳት። የጥርሶቿ ርቀት ከምፈልገው ጋር ገጠመ። ነጥቡ ግን በጣም ቀጭን ነው፣ ሪቬት አይመስልም። ስለዚህ እሷን ለምልክት ብቻ ተጠቀምኩ። ከዚያ ቆርቆሮውን ገልብጬ ለስላሳ እንጨት ላይ አስተኛሁ። ጫፉን በሞረድ ያደነዘዝኩትን ሚስማር በየነጥቡ አቁሜ በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ መታሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛ ከመታችሁ ቆርቆሮው ይበሳል። ክብደቱ የመዶሻው የራሱ ይሁን፤ ክንድ አትጨምሩ። ድምፁን ስሙ። ትክክለኛው ምት «ጥክ» ይላል፤ ሲበሳ ድምፁ ይቆረጣል። ላይና ታች ሁለት ረድፍ፣ በቁመት ደግሞ አራት ረድፍ አለ። በአንድ ጎን 224 ሪቬት ይሆናል። ሁለት ጎን ተበላሽቶብኝ ጥያለሁ። ስትደክሙ አቁሙ። የተጣመመ ረድፍ ከቀለም በኋላ ይብሳል እንጂ አይደበቅም።

ከላይ ከኋላ በኩል ውሃ የሚሞላበት ክዳን አለ። ማጠፊያ አድርጉለት፣ ይከፈት።

ማገዶውን በተመለከተ፣ ከሰል ከፈለጋችሁ ከማድ ቤት ከሰል ወስዳችሁ ሰባብሩና አበጥሩ። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለውን ብቻ አስቀሩ። የኛ ከሰል ደብዛዛ ነው፣ የድንጋይ ከሰል ግን ያብለጨልጫል። ቪኒል ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ስታፈስሱበት ይይዛል፣ ሲደርቅም ትንሽ ያበራል። እኔ ግን እንጨት ጫንኩባት። የእንፋሎት ባቡር እንደየአገሩ ከሰልም እንጨትም ዘይትም አንድዷል። ጥር ላይ ቡናችን ሲገረዝ ቀጫጭኖቹን ቅርንጫፎች ለቀምኩ። የቡና ልጥ ደቃቅ ስንጥቅ ስላለው በ1 ለ20 የትልቅ ግንድ ልጥ ይመስላል። በ5 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ፣ ግማሹን በቢላ ፈልጬ፣ አሥራ አምስት ቀን ጥላ ላይ አደረቅኩት። ፍልጡን በረድፍ ደርድሩት። አንዳጅ ማገዶ አይወረውርም፣ ሲቸኩል ማግኘት አለበት።

ቀለምና ዕድሜ

ጥቁር ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ ሁለቴ በስሱ ቀቡ። የጭስ ሳጥኑ ላይ ጥላሸት ከቀለሙ ጋር ደባለቅኩ፤ ብርሃን አይመልስም። የቀረውን ዕድሜ አፈር ይሰጣችኋል። ቀዩን የጅማ አፈር በቀጭን ጨርቅ አበጥሬ በደረቅ ብሩሽ ከጎማዎቹ ጀምሮ እስከ ሻንሲው ድረስ ነሰነስኩ። ከዚያ በላይ አልወጣሁም፤ አቧራ ከታች ነው የሚነሳው። ከውሃው ክዳን በታች በቴንደሯ ጎን ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ወረደ። ውሃ ሲሞላ የሚፈስሰው ሲደርቅ የሚተወው ነው። ቢዬላዎቹ ላይ ጠብታ ዘይት በቂ ነው።

የባቡሯ ቁጥር ፎቶው ላይ አይነበብም። የመጀመሪያው አኃዝ 2 ይመስላል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ የቁጥሩን ሰሌዳ ከቆርቆሮ ሠርቼ ባዶውን ለጠፍኩት። እናንተም የማታነቡትን አትጻፉ።

በመጨረሻ ሎኮሞቲቯንና ቴንደሯን አገናኙ። የሚያያይዛቸው ብረት በሁለቱም በኩል በፒን ይዙር፣ አለዚያ ኩርባ ላይ ቴንደሯ ከሐዲድ ትወጣለች። የውሃውን ጎማ ቱቦ ትንሽ ልል አድርጉት። ከጋቢናው ወለል ወደ ቴንደሯ የሚዘረጋ ላሜራ አለ፤ አንዳጁ የሚቆምበት። በጋቢናው በኩል ብቻ በማጠፊያ ያዙት። በቴንደሯ በኩል ዝም ብሎ ይረፍ፤ ሁለቱ ሲንቀሳቀሱ እሱ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ወገን ካጣበቃችሁ ይነቀላል። አያቴ ፎቶው ላይ የቆመው እዚያ ላሜራ ላይ ነው። ጥቁር ቀባሁትና፣ ልክ ጫማው ባረፈበት ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ብረቱን አወጣሁት።